ትምህርት ቤት፣ ቤት ትምህርቲ፣ መነ በሩምሳ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት ጥምር ስም የሚያስተምሩበት መንገድ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ብዙም አይለያይም። ሦስት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ይቀርባል። በአንዱ ረድፍ እንደ «ቱዝብረሽ» ተያይዘው የሚጻፉ፣ በሌላው እንደ «በስ ስቶፕ» ተለያይተው የሚጻፉ፣ በሦስተኛው እንደ «ማዘር ኢን ሎው» በጭረት የሚያያዙ ቃላት ይደረደራሉ። ተማሪው ሰንጠረዡን ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ይፈተንበታል። በእኔ እምነት ይህ ትምህርቱን በጅራቱ መያዝ ነው።

አጻጻፉ ሕግ ቢኖረው ኖሮ አልከራከርም ነበር። «ሾርተር ኦክስፎርድ» የተባለው ታዋቂ መዝገበ ቃላት በ2007 እ.ኤ.አ. ስድስተኛ እትሙን ሲያወጣ ከ16,000 ያህል ቃላት ላይ ጭረት አነሣ። «አይስ ክሪም» ሁለት ቃል ሆነ፣ «በምብልቢ» ደግሞ አንድ። የቋንቋው ባለቤቶች በአንድ እትም እንዲህ የሚገለባብጡትን ነገር ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንደ ቀኖና አቅርቦ ማርክ መቁረጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጭረቱን መዝገበ ቃላት ያሳየዋል፤ መምህር ሊያሳየው የሚገባው ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከሁለቱ ስሞች ዕቃው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። «ቸኮሌት ሚልክ» ወተት ነው፣ «ሚልክ ቸኮሌት» ግን ቸኮሌት። «ሆርስ ሬስ» ውድድር ሲሆን «ሬስ ሆርስ» ፈረስ ነው። በእንግሊዝኛ ዋናው ስም ከኋላ ይቀመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህን ከእናቱ ጓዳ ይዞት ይመጣል፤ ስኳር ድንች ድንች መሆኑን፣ ምግብ ቤት ቤት መሆኑን የሚነግረው አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ያውቃል። ሰፈር ውስጥ «ጫማ ቤት» እንጂ «ጫማዎች ቤት» የሚል ሰው የለም፤ ብዙ ሲሆኑም «ጫማ ቤቶች» ነው የሚባለው። የእንግሊዝኛው «ሹ ሾፕ» እና «ሹ ሾፕስ» በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እንደ «ስፖርትስ ካር» ያሉ አፈንጋጮች አሉ፤ እነሱን ለብቻ መያዝ ይቻላል።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ልጅ ለምን «ቡክስ ሾፕ» ብሎ ይጽፋል? ከግእዝ የወረስነው ሁለተኛ ሥርዓት ስላለ ይመስለኛል። ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ቤተ ሙከራ፦ በእነዚህ ዋናው ስም ከፊት ነው፤ ዘርፉም ብዙ ጊዜ በብዙ ቁጥር ይመጣል። በትምህርት ቤት ወግ ያለው፣ የተማረ ሰው የሚመስለው አማርኛ ይኸኛው ነው። ተማሪው እንግሊዝኛን ከተራው የሰፈር አነጋገር ሳይሆን ከዚህ ከከበደው ጋር ማዛመድ ይቀናዋል። መምህሩ ማለት ያለበት ቀላል ነው፦ እንግሊዝኛ እንደ ጫማ ቤት እንጂ እንደ ቤተ መጻሕፍት አይደለም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ከአማርኛ ወጣ ስንል ነው። አማርኛ «ትምህርት ቤት» የሚለውን ትግርኛ «ቤት ትምህርቲ»፣ ኦሮምኛ «መነ በሩምሳ» ይለዋል። በሁለቱም ቤቱ ከፊት ነው። (በእስራኤል የሚያድጉ የእኛ ልጆችም «ቤት ሴፈር» ሲሉ ያው ቤቱን አስቀድመው ነው።) በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ የመቀሌው፣ የነቀምቱና የደብረ ማርቆሱ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ «ፉድ ቼይን»፣ «ሴል ሜምብሬን»፣ «ሂት ኢነርጂ» የሚሉ ቃላት እኩል ይጠብቋቸዋል። ለደብረ ማርቆሱ የቃላቱ ቅደም ተከተል ቤቱ የለመደው ነው። ሁለቱ ግን ግልባጩን መልመድ አለባቸው፤ ለእነሱ በቂ ጊዜና ልምምድ ያስፈልጋል። አንድ ሰንጠረዥ ለሦስቱም ሲሰጥ አንዱ የሚያውቀውን ይማራል፣ ሁለቱ የሚቸግራቸውን ሳይማሩ ያልፋሉ።

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የእናት ቋንቋ መስማት የሚያስቆጣቸው ርእሰ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። ቁጣው በማይገባው ነገር ላይ ያነጣጠረ ነው። ቅደም ተከተሉን ለማነጻጸር አምስት ደቂቃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መነጋገር ክፍሉን ወደ ሌላ ቋንቋ ክፍል አይለውጠውም።

ቅደም ተከተሉ ከታወቀ በኋላ ነው ዋናው ችግር የሚመጣው፤ እሱ ለሦስቱም ልጆች እኩል ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ዝምድናቸውን የሚናገር ቃል የለም። ጠጅ ቤት ጠጅ ይሸጥበታል፤ ሣር ቤት ክዳኑ ሣር ነው፤ ፍርድ ቤት ፍርድ ይሰጥበታል፤ ወፍጮ ቤት ወፍጮ ተተክሎበታል። ቤቱ አንድ ነው፣ ዝምድናው አራት። ጁዲት ሊቫይ የተባለች የቋንቋ ምሁር በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን የእንግሊዝኛ ዝምድናዎች በዘጠኝ ልትጠቀልላቸው ሞክራ ነበር፦ ለ፣ ከ፣ በውስጥ፣ ስለ፣ መሥራት፣ መኖር እያለች። ፓሜላ ዳውኒንግ ደግሞ ከእሷ አንድ ዓመት ቀደም ብላ እንዲህ ያለው ድርደራ ሁሉን እንደማይዝ አሳይታ ነበር። የጠቀሰችው ምሳሌ «አፕል ጁስ ሲት» የሚል ነው፤ ቁርስ ላይ እንግዳ የፖም ጭማቂ ብርጭቆ ወደተቀመጠበት ወንበር እንዲሄድ ሲነገረው ማለት ነው። በየትኛውም መዝገበ ቃላት የለም፤ ማዕዱን ላየ ሰው ግን ግልጽ ነው። እኛስ «እንጀራ እናት» ስንል ዝምድናውን ከሁለቱ ቃላት ብቻ ማን ያገኘዋል?

ለዚህ ነው ሽምደዳው ዋጋ የማይኖረው። ከዚያ ይልቅ ተማሪው ያላየውን ጥምረት ሲያገኝ ከኋላ ጀምሮ መጠየቅ ይልመድ። «ብለድ ሹገር ሌቭል ቴስት» ምንድን ነው? ምርመራ። የምን? የመጠን። የምን መጠን? የስኳር። የት ያለ? በደም። አራት ቃል የተከመረበት የሳይንስ ዐረፍተ ነገር የሚፈታው በዚህ ነው። «የደም ስኳር መጠን ምርመራ» ብሎ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ከቃላቱ አንዱም ቦታውን እንዳልለቀቀ ያያል።

የቀረው ጆሮ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛ ምንም አይረዳንም። እኛ ትርጉም የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜ፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። እንግሊዝኛ ግን ድምፁን ከፍ የሚያደርግበትን ቃል ይመርጣል። «ግሪን ሃውስ» ሲባል ክብደቱ በ«ግሪን» ላይ ከሆነ አትክልት የሚበቅልበት የመስታወት ቤት ነው፤ በ«ሃውስ» ላይ ከሆነ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት። «ኢንግሊሽ ቲቸር» በመጀመሪያው ቃል ሲከብድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ በሁለተኛው ሲከብድ እንግሊዛዊ መምህር ይሆናል። ቾምስኪና ሃሌ በ1968 እ.ኤ.አ. ይህን በሕግ አስቀምጠውታል፦ ጥምር ስም በፊተኛው፣ ሐረግ በኋለኛው ይከብዳል። ሕጉ ብዙ ቦታ ይሠራል። ሆኖም «ኦክስፎርድ ስትሪት» በኦክስፎርድ ሲከብድ «ኦክስፎርድ ሮድ» በሮድ ይከብዳል፤ «አፕል ኬክ» በአፕል ሲከብድ «አፕል ፓይ» በፓይ። ስለ ጭረት የሚባክነው ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢውል፣ መምህሩ ጥንዶቹን እየደጋገመ ቢያሰማ፣ ተማሪዎቹም የሰሙት ስም የትኛው እንደሆነ በእጅ ምልክት ቢያሳዩ ይሻላል፤ ይህኛውን መጽሐፍ አያሰማምና።