ማሳሰቢያ ለወላጆች፦ ያልነገራችኋቸውን ስልኩ እየነገራቸው ነው

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጃቸው የተገደለባቸው ብዙ ወላጆች አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ተጠይቀዋል፤ ማልቀስና ጥቁር መልበስ ተከልክለዋል። በዚያ ሐዘን ውስጥ ያደጉ ልጆች በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ አባት፣ ፖለቲካ ሲነሣ ከመሶቡ ተነሥታ የምትሄድ እናት፣ ከግድግዳ የወረደ ፎቶ አይተዋል። ምክንያቱን የነገራቸው የለም፤ «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» ነው የተባሉት። ዛሬ እነሱም ወላጆች ሆነዋል። ልጆቻቸው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የጀመረውን ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ያለውን ግጭት በቴሌግራምና በቲክቶክ እያዩ ነው ያደጉት።

የቤተሰብ ቁስል በደም ይወረሳል ወይ ብለው የሚጨነቁ አሉ። ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ አይሁዳውያንን ልጆች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ አሜሪካዊቷን ሬቸል የሁዳን ጨምሮ፣ በልጆቹ ሰውነት የጭንቀት ሆርሞን ላይ ለውጥ አግኝተዋል። ጥናቶቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ማንም ወላጅ «ዘሬ ተረግሟል» ሊል አይገባም። በዓይናችን የምናየው መተላለፊያ ዝምታው፣ ቁጣውና ከልክ ያለፈው ፍርሃት ነው። ልጅ ወላጁ የሚፈራውን ነገር ሳይነገረው ያውቃል፤ ለምን እንደሚፈራው ግን አያውቅም።

ይህን ክፍተት አሁን ስልኩ እየሞላው ነው። ልጁ የአያቱን አገር ስም ጽፎ ይፈልጋል። የተገደሉ ሰዎች ቪዲዮ ላይ ጥቂት ከቆየ መተግበሪያው እንደወደደው ቆጥሮ ተመሳሳዩን ይደረድርለታል። ከሥሩ ባለው አስተያየት በሟቹ የሚሳለቅና ብሔር እየጠራ በቀል የሚሰብክ ሰው ይጠብቀዋል። አያቱ ብትነግረው ኖሮ በታሪኩ ውስጥ የደበቋት ጎረቤትም ይኖሩ ነበር። ስልኩ የሚያሳየው ሬሳና ስድብ ነው፤ ያውም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ብቻውን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ።

ስለዚህ የግድያ ቪዲዮ በቤተሰብ ቡድን አትላኩ። «ዓለም ይወቀው» ብላችሁ የላካችሁት የ13 ዓመት ልጅ እጅ ይገባል። የደረሰባችሁን ራሳችሁ ንገሯቸው፤ በዕድሜያቸው ልክ፣ ጭካኔውን ሳትዘረዝሩ፣ እንዴት እንደተረፋችሁም ጨምራችሁ። መናገር ካቃታችሁ «ከባድ ነገር ደርሶብን ነበር፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ ከጓደኞቹ የራቀ፣ በጥቂት ድምፅ የሚበረግግ ልጅ ካላችሁ «ዕድሜው ነው» ብላችሁ አትለፉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል። ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱት፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ግን አታስቁሙት። ስለ መሞት ካወራ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ ሳትቆጡ ስሙት፣ በዚያው ቀንም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው።