ገንዘቡ ይውጣ፣ ነጥቡ ይግባ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት የመጣን ተማሪዎች ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን እንመለሳለን። የመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ በመጠየቅና ቡና በመጠጣት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ቦርከና ሲሞላና መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ከቤተሰብ ሥራ የተረፈውን ሰዓት የምናሳልፍበት ቦታ ይቸግረናል። በዚህ ጊዜ ክፍት ሆነው የሚጠብቁን በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በገንዘብ ካርታ የሚበወዝበት የጫት መቃሚያ ቤት ነው፤ ሁለተኛው በ2010ዎቹ ዓመታት በየከተማው የተስፋፋው የእግር ኳስ ውርርድ ነው።

ለልጅ መማሪያ ተብላ የተሸጠች ፍየል ዋጋዋ በአንድ ሌሊት ከኪስ ወደ ኪስ ሲተላለፍ ያላየ ከመካከላችን ማን ነው? የተበላው ተማሪ በመስከረም ወደ ትምህርቱ የሚመለስበትን የመኪና ዋጋ ለመበደር ደጅ ይጠናል፤ የበላውም ቢሆን ከጓደኛው ጋር እንደ ቀድሞው ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያፍራል። ስለዚህ ነገር ብዙ ተመክሯል፤ «ካርታ አትንኩ» ተብሎም ተገሥጿል። ይሁን እንጂ ተግሣጹ ባዶውን ምሽት የሚሞላ ነገር አልሰጠም። እኛ በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ሌላ ነው። ካርታውን ቤታችን አምጥተን፣ በወላጆቻችን ፊት፣ ያለ አንዳች ገንዘብ፣ ክረምቱን በሙሉ በሚደመር ነጥብ እንጫወት እንላለን።

ጨዋታው ፖከር ነው። ፖከርን የመረጥንበት ምክንያት ተጫዋቹ በእጁ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው አሳብ ጭምር እንዲመረምር ስለሚያስገድደው ነው። ከ52 ካርታ አምስት አምስት ብናወጣ 2,598,960 ልዩ ልዩ ስብስቦች ይገኛሉ፤ ሁለት ካርታ ለታደለው ሰው ሁለቱም አስ የመሆናቸው ዕድል ከ221 አንዱ ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ዕድል ሒሳብ የተማርነው ሁሉ እዚህ ነፍስ ይዘራል።

«ገንዘብ የሌለበት ፖከር ምን ጣዕም አለው?» የሚሉን ይኖራሉ። ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። ፖከር የሚጣፍጠው ማጣት ስላለበት ነው። ባዶ እጅ የያዘው ሰው የሞላለት መስሎ ብዙ ሲያስይዝ፣ ባለጋራው ፈርቶ ካርታውን መጣል አለበት። የሚያዘው ነገር ተራ ሽምብራ ከሆነ ግን ማን ይፈራል? ሁሉም «እስኪ እንየው» እያለ እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ብልሃቱ ይጠፋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይሰለቻል። በገንዘብ የሚጫወቱት ሰዎች ገንዘቡን የሚያስገቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ነገር ግን ለሽምብራው ዋጋ የሚሰጠው ብር ብቻ ነውን? አይደለም። ዛሬ ማታ የወደቅሁበት ተራ በመዝገብ ተጽፎ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚተላለፍ ከሆነ፣ ክረምቱ ሲያልቅም ሁሉ ተደምሮ በጓደኞቼና በቤተሰቤ ፊት የሚነበብ ከሆነ፣ ሽምብራዋን በከንቱ ለማጣት እሳሳለሁ። ገንዘብ ያስገኝ የነበረው ጥንቃቄ በነጥብ ይገኛል፤ ገንዘብ ያመጣ የነበረው ዕዳና ቂም ግን አይመጣም።

እንዲህ ያለውን ማኅበር ማደራጀት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እቁብ ምንድን ነው? የታወቁ ሰዎች፣ የታወቀ ቀን፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ መዝገብ፣ ለቀሪም ቅጣት። የእኛም ማኅበር ከእቁብ ገንዘቡን ቀንሶ ሥርዓቱን የወሰደ ነው። በዘጠኝ ሰዎች ቢጀመር እንዲህ ይሆናል።

ስብሰባው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በየተራ በየአባሉ ቤት፣ በጠቅላላው ዐሥር ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 20 ሽምብራና 16 ባቄላ ይሰጠዋል፤ ሽምብራው አንድ፣ ባቄላው አምስት ተብሎ ስለሚቆጠር የሁሉም መነሻ 100 ነው። በየዙሩ ከአዳዩ ቀጥለው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ አንደኛው 1፣ ሁለተኛው 2 ያስይዛሉ። ይህ ግዴታ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ 2 እና 4፣ 4 እና 8 እያለ ከመቶ ደቂቃ በኋላ 32 እና 64 ይደርሳል። በጠቅላላው ያለው 900 ብቻ ስለሆነ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም። ይህን የምንዘረዝረው ለአንድ ምክንያት ነው፤ ማብቂያው ያልታወቀ ጨዋታ ሌሊቱን ይበላል፤ ሌሊቱን የሚበላ ጨዋታ ደግሞ ከወላጅ ጋር ያጣላል።

ነጥቡም ቀላል ነው። መጀመሪያ ያለቀበት 1፣ ቀጥሎ ያለቀበት 2 እየተባለ አሸናፊው 9 ያገኛል፤ ስለ አሸናፊነቱም 3 ይጨመርለታል። አንድ ምሽት ዕድል ቀንቶት 12 ነጥብ ያገኘና በሰባቱ ምሽቶች ቸኩሎ በመጀመሪያ የወጣ ሰው ድምሩ 19 ነው። አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ስምንት ጊዜ አራተኛ የወጣ ግን በየጊዜው 6 እያገኘ 48 ይደርሳል። ነጥቡ የሚያከብረው ጥጋበኛውን ሳይሆን ታጋሹን ነው ማለት ነው። ከዐሥሩ ምሽቶች የሚቆጠሩት ምርጥ ስምንቱ ብቻ ናቸው። ቅሬ ያለበት ወይም አባቱ ለአረም የጠራው ሰው ሁለት ጊዜ ቢቀር አይጎዳም፤ ከለቅሶና ከእርሻ ካርታ የሚበልጥበት ማኅበር በአገራችን ሊቆም አይገባውምና። ሽልማት የለም። የአንደኛው ስም በመዝገቡ ራስ ላይ ይጻፋል፤ ካርታውንም እስከሚቀጥለው ክረምት እሱ ያስቀምጣል።

የተሻለውን ተጫዋች በምን እንለይ የሚለው ጥያቄ ታላላቆቹንም ያስቸገረ ነው። በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ የዓለም የፖከር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር አሸናፊው ጆኒ ሞስ የተመረጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ድምፁ ቀርቶ፣ አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር የሚጫወቱበት ሥርዓት ተተካ። ድምፅ ለወዳጅነት ያደላል፤ የአንድ ጊዜ ማጣሪያም ለዕድል ያደላል። የእግር ኳስ ሊግ የሚከተለው መንገድ ከሁለቱም ይሻላል፤ ሁሉም ደጋግሞ ይጫወታል፤ የዓመቱ ድምር ይፈርዳል። ነጥብ ጠባይንም ይለውጣል። የእንግሊዝ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1981 ለአሸናፊ ይሰጥ የነበረውን ሁለት ነጥብ ወደ ሦስት ያሳደገው ቡድኖቹ አቻ ለመውጣት ከመከላከል ይልቅ ለማሸነፍ እንዲያጠቁ ብሎ ነው። የነጥብ ሠንጠረዥ ሲሠራ የምንፈልገው ጠባይ አብሮ ይሠራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በከሚሴና በአካባቢዋ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ቁማርም በቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 90ኛ አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተያይዞ የተከለከለ ነው። «የእኛ ገንዘብ የለበትም» ብለን በአንድ ቃል ልናልፈው አንችልም፤ ገንዘብ ባይኖርበትም ዕድል ያለበትን ጨዋታ የሚጠሉ ዐሊሞች አሉና። ክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎቻችንም ቢሆኑ ካርታ ሲያዩ አስቀድሞ የሚታያቸው የፈረሰ ቤት ነው። እነዚህን አባቶች ኋላ ቀር ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አናደርገውም። ያዩትን አይተው ነው የሚናገሩት።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናስገድዳለን። አንደኛ፣ ለመግቢያም፣ ለቡናም፣ ለሽልማትም ተብሎ አንድ ሳንቲም አይሰበሰብ። ትንሿ መዋጮ የመጣች ዕለት ማኅበሩ ወደ ቁማር ቤት መንገድ ገብቷል፤ ያለ ፈቃድ በገንዘብ ማጫወትም በሕግ ያስጠይቃል። ሁለተኛ፣ የቤቱ ባለቤቶች አስቀድመው ይጠየቁ። አባትና እናት፣ አያትም ካለች አያት፣ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ይነገራቸው፤ «በቤቴ ካርታ አይገባም» ያለ ሰው ቃሉ ይከበር። በዚያ ቤት በካርታው ፋንታ ገበጣ ወይም ዳማ ይቅረብ።

አካባቢው በሙሉ ካርታን ካልወደደ ደግሞ ክረምቱ ሁሉ በገበጣ ይለቅ፤ መዝገቡ ያው መዝገብ ነው። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ቢገጥሙ 36 ግጥሚያ ይሆናል፤ በየምሽቱ አራት ግጥሚያ ቢደረግ በዘጠኝ ምሽት ይፈጸማል። ላሸነፈ 3፣ አቻ ለወጣ 1 ነው። ይህን ስንል የምናዋርደው ነገር የለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታችን ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። በአገራችን ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠራቸውን የሚያንቀሳቅሱበት «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ። እንዲህ ያለ ቅርስ እያለን ክረምቱን በስልክ መስኮት ላይ ተጎንብሰን በማናውቀው አገር ቡድን ላይ መወራረዳችን ያሳዝናል።

ሌላም ጥቅም አለ። በጫት መቃሚያ ቤት ለእኅቶቻችን ቦታ የለም። ጨዋታው በቤት፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ከሆነ ግን ከሴት ተማሪዎች መካከል የፈለገች ትገባለች፤ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ሆና ብትመረጥ ደግሞ መዝገቡ በደንብ ይጠበቃል።

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ተማሪ ስለ ካርታ ይጽፋል?» የሚል ወቀሳም አይቀርልንም። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ ዘጠኝ ሰዎች ራሳቸው ያወጡትን ደንብ ለዐሥር ሳምንት ሳያፈርሱ፣ የተሸነፈው ሳያኮርፍ፣ ያሸነፈው ሳይታበይ፣ መዝገቡም ሳይሰረዝ ሳይደለዝ መፈጸም ካልቻሉ፣ ነገ ትልቁን መዝገብ በምን ልምድ ሊይዙት ነው?

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ፈተና ሳያልቅ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆናችሁ ስማችሁን ጻፉ። ደብተር ግዙ፤ ዳኛችሁን ምረጡ፤ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ሽምብራና ባቄላው በየጓዳው አለ።