የተማረ ያክመኝ፤ የታመመ ይምከረኝ

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ያገራችን ሰው ለእውቀት የነበረውን ክብር አደንቃለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ልጋደም ጥቂት ሳምንታት በቀሩኝ በዚህ ወቅት ግን ከተማረው ጎን የታመመም እንዲቀመጥልኝ እሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀቴ ተጠማዝዞ (ባገራችን ደጋግሞ የሚታይ ሕመም ነው) የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ሲወጣ፣ ቀሪው ጫፍ በሆዴ ላይ ተከፈተ። ሐኪሞች ስቶማ ይሉታል። ሕይወቴን አትርፎልኛል። እየዋለ እያደረ መውጫው ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ከረጢቱ አልጣበቅ አለ፤ ቆዳዬም ተላጠ። እንግዲህ እንደገና ሊስተካከል ነው።

ከጉቴ ነቀምቴ በሚሄደው ታክሲ ተጠጋግቶ እንዴት ይቀመጡታል? ለቅሶ ቤትስ ምን ያህል ይቆዩታል? ይህን የመለሱልኝ፣ ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅኋቸው፣ እንደኔው ከረጢት የያዙ እናት ናቸው። አዴ እላቸዋለሁ። ከረጢት ሲጠፋ በፌስታልና በጨርቅ ዓመታት የገፉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ተቀመጥ፣ ቁም፣ ጎንበስ በል፤ ሆድህ የሚታጠፍበትን እይ። ቀበቶህ ከሚያርፍበት ላይ እንዳይከፍቱት አስቀድመህ ለዶክተሩ ንገር» አሉኝ። የሕክምናው ትምህርትም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ቦታው ታይቶ በቀለም ይመልከት ይላል። ለኔ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ያደረገልኝ አልነበረም።

የዛሬው ተጣባቂ ከረጢት ራሱ የተወለደው ከሕመምተኛ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊዘ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ ያሰበችው፣ ስቶማ ያላት እህቷ ቶራ «ያፈስብኛል» ብላ ከሰው መሸሿን አይታ ነበር።

እኛም ዘንድ አርአያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ታክመው የዳኑ ሴቶችን አሠልጥኖ ረዳት ነርስ አድርጓል። ጉዳታቸው ሊጠገን ላልቻለና የሽንት መንገዳቸው ወደ ሆዳቸው ለዞረ ሴቶች፣ አልጋቸው አጠገብ የቆመችው ሴት ሕመሙን በገዛ ገላዋ የምታውቅ ናት።

ታዲያ በወለጋ ሆስፒታሎች ይህ ለምን አይሆንም? «ታማሚ ታማሚን ያስፈራራል፤ የተሳሳተ ምክርም ይሰጣል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ገብቶኛል፤ ነርስ አብራ ትቀመጥ። እኔን ግን እስካሁን ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ምሥጢራቸው ተጠብቆ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ስምና ስልክ በአንድ ደብተር ይያዝ፤ ለስቶማ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ የተያዘለት ሁሉ ከመግባቱ በፊት ከአንዳቸው ጋር ይገናኝ። የኔንና የአዴን ስልክ በመጀመሪያው ገጽ ማስፈር ይቻላል።