የሠለጠነ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው ይኑር!

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ጊዜ አይሰጥም። ሕፃኑ ውኃ ውኃ ይላል፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሳል፣ እየበላ ይከሳል። ቤተሰቡ ወስፋት ነው ሲል ይሰነብታል። ማስመለስና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ይደርሳል፤ እዚያም የሳንባ ምች ወይም የሆድ ሕመም ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ከጣት ጫፍ በተወሰደች ጠብታ ደም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚታወቅ ሕመም፣ መለኪያውን ለማንሳት ያሰበ ባለሙያ በመጥፋቱ ብቻ የልጅ ሕይወት ይቀጥፋል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ካራ፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የሚኖር ወላጅ ልጁን ታቅፎ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ስፔሻሊስት የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ ጤና መኮንንና አንድ ነርስ ይህን ሕመም ለይተው እንዲያውቁና እንዲከታተሉ ሠልጥነው ሊመደቡ ይገባል እንላለን።

ኢንሱሊን ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘን ኢንሱሊን በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለያዘ ኢንሱሊን በተሠራ ሲሪንጅ የቀዳ ሰው፣ ልጁን ከታዘዘለት መጠን ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋዋል። ስኳሩ ወርዶ ላብ ላብ ያለውንና የተንቀጠቀጠውን ልጅ ወዲያው ስኳር ማቅመስ፣ ሲታመም ምግብ አልበላም ተብሎ ኢንሱሊኑ ጨርሶ እንዳይቋረጥ መምከር፣ መርፌው አንድ ቦታ ላይ እየተደጋገመ ቆዳው እንዳያብጥ መከታተል የባለሙያው ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ወላጅ በቤቱ የሚሠራው መጀመሪያ ያሳየው ሰው ካለ ነው።

ሥልጠናው የሰፈሩን ኑሮም ማወቅ አለበት። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ በመውረድ የምትተዳደር እናት፣ «ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ» ተብላ ብትሸኝ ምክሩ ምን ይረባታል? በረጠበ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ መድኃኒቱን ከሙቀት እንደሚጠብቅላት የሚነግራት ባለሙያ ያስፈልጋታል። ወደ እንጦጦ ጸበል የሚወጣም ብዙ ነው። በጸበል ላይ እያለ ኢንሱሊኑን ያቋረጠ ልጅ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ተናግረው ብዙዎችን አትርፈዋል። ዛሬም ባለሙያው ካህኑን አጋር እንጂ ባላጋራ ሊያደርገው አይገባም።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ጅማ ላይም ሌሎች ሐኪሞች፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችን አሠልጥነው የስኳር ሕሙማንን በየአካባቢያቸው ማስታመም እንደሚቻል አሳይተዋል። በ1997 ዓ.ም. ነጻ የኤችአይቪ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ሕክምናው ወደየጤና ጣቢያው የወረደው በነርስና በጤና መኮንን ትከሻ ነው። የአፍሪካ መንግሥታትም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሎሜ ላይ በዓለም ጤና ድርጅት ስብሰባቸው፣ ዓይነት አንድ ስኳርን የመሰሉ ከባድ ሕመሞች በወረዳ ሆስፒታል እንዲታከሙ ተስማምተዋል።

ሥልጠና ሲባል ግን ሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ፣ አበል ተቀብሎ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ማለት አይደለም። የሠለጠነው ባለሙያ በዓመቱ ሲዛወር እውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ባለቀ ቀንም ሥልጠናው ዋጋ ያጣል። የሚጠቅመው በሥራ ቦታ፣ በሕሙማኑ ፊት፣ ልምድ ባለው ሐኪም እየታገዙ መማር ነው። የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. የኮቪድን ወረርሽኝ ከፊት ሆኖ የተቀበለ ተቋም ነው፤ በዙሪያው ላሉ ጤና ጣቢያዎች የልምምድ ማዕከልና የስልክ አማካሪ ቢሆን ያምርበታል።

የአዲስ አበባ ጤና ቢሮና የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ስም ዝርዝር ይያዙ፤ ተዛዋሪው ተተኪ ሳያፈራ አይልቀቅ፤ ስትሪፕና ኢንሱሊን ከሥልጠናው ጋር ይቅረቡ። ውኃ ውኃ የሚል፣ የሚከሳ ሕፃን ሁሉ ከመሸኘቱ በፊት ስኳሩ ይለካ!