ቤት ስንመርጥ መሠዊያውን የት እንሠራለን?



በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምናገለግል መጋቢዎች፣ ልጅ የታቀፉ ወጣት ባለትዳሮች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ የጸሎት ርእስ አለ፤ የቤት ግዢ። ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ወጥተው ወደ አሽበርንና ወደ ሌሎቹ የላውደን ካውንቲ ሰፈሮች መሄድ ይፈልጋሉ። ምክንያታቸው ይገባናል። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፤ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ላውደን በቤተሰብ ገቢ ከአሜሪካ ካውንቲዎች በቀዳሚነት ይጠራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የሜትሮው ሲልቨር መስመር አሽበርን ከደረሰ ወዲህም “ባቡር አለ” እየተባለ ውሳኔው ቀሏል።

ለልጅ መልካም መመኘት ኃጢአት አይደለም። ባለጸጋ ሰፈር መኖርም ከእምነት መውጣት አይደለም፤ አብርሃም ራሱ ባለጸጋ ነበር። ጥያቄው፣ ስንመርጥ በምን ዓይን እናያለን የሚለው ነው።

ዘፍጥረት 13ን እናስብ። ሎጥ የዮርዳኖስን ሜዳ የወደደው በውሃውና በልምላሜው ነው። ለከብቶቹ ምርጫው ትክክል ነበር። ስለ ቤተሰቡ ግን በዚያ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ ሲያነሣ አናነብም። አብርሃም ደግሞ ወደ ኬብሮን ሄዶ መሠዊያ ሠራ። አሽበርን ሰዶም ናት እያልን አይደለም። ለከብት የሚመች ሁሉ ለቤተሰብ ይመቻል ማለት እንዳልሆነ ግን ከሎጥ እንማራለን።

ባንክ ምን ያህል ብድር እንደምንችል ይነግረናል። ስንት ምሽት እንደምንከፍል ግን አይነግረንም። ክፍያው ሲከብድ ባል ቅዳሜና እሑድ ታክሲ ይጨምራል፤ ሚስት ተጨማሪ የሌሊት ፈረቃ ትወስዳለች። መንገዱ ለመሄጃ አንድ ሰዓት፣ ለመመለሻ አንድ ሰዓት ከወሰደ በሳምንት 10 ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚቀረው የሳምንቱ መካከል የጸሎት ፕሮግራም ነው፤ ቀጥሎ አብሮ እራት መብላት፤ ከዚያ እሑድ። ልጅ ልትይዝ ከአገር ቤት የመጣች አያትም መኪና ሳትነዳ፣ የሚያናግራት ጎረቤት ሳይኖር በትልቅ ቤት ብቻዋን ትውላለች።

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የ2 ዓመት ልጅ ያላቸው ወላጆች የ30 ዓመት ብድር ቢፈርሙ፣ ልጁ በ18 ዓመቱ ለኮሌጅ ሲወጣ ብድሩ ገና 14 ዓመት ይቀረዋል። ቤቱ የተገዛው ለልጁ ነበር። ልጁ ወጣ፤ ዕዳው ቀረ። በእነዚያ 16 ዓመታት አባቱን በእንቅልፍ ላይ ብቻ ካየው፣ ምን ሰጠነው?

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እንመክራለን። ለአንድ ወር የአዲሱን ቤት ክፍያ ልዩነት ከደመወዛችሁ አውጥታችሁ አስቀምጡ። በእውነተኛው የሥራ ሰዓትም መንገዱን ሄዳችሁ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አብራችሁ መብላት፣ መጸለይና ከቅዱሳን ጋር ኅብረት ማድረግ ከቻላችሁ፣ በጌታ ሰላም ሂዱ። ካልቻላችሁ፣ እኛ የምንመርጥላችሁ ወላጅ የሚገኝበትን ጠባብ ቤት ነው።

አስቀድማችሁ የሄዳችሁ ደግሞ አትሸማቀቁ። በኤርምያስ 29 እግዚአብሔር ለምርኮኞቹ ባሉበት ቤት እንዲሠሩ፣ ስለ ከተማይቱም እንዲጸልዩ ነግሯቸዋል። ሰፊው ሳሎናችሁ ለቤት ለቤት ኅብረት ይከፈት። ጎረቤታችሁን ቡና ጥሩ። የአካባቢው ልጆች አማርኛም ቃሉም የሚማሩበት ይሁን።

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ይህን ለምታነቡም አንድ ቃል አለን። ጥሩ ሰፈር ብዙ ነገር ይሰጣል፤ የልብ ዕረፍት ግን ከቤቱ ጋር አይሸጥም። እርሱ ከክርስቶስ ዘንድ ነው፤ በአፓርታማም ይገኛል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።