ምላጩ የእኛ፣ ቁልፉ የማን?

ሐዋሳ ውስጥ በታቦር ተራራ ግርጌ ቆሞ መንገዱን ለሚመለከት ሰው የሚነበብ ነገር ሞልቷል። የባጃጁ የኋላ መስታወት ጥቅስ ተለጥፎበታል፤ የፀጉር ቤቱ በር ስምና ስልክ ተጽፎበታል፤ የሲዳማ ቡናና የሐዋሳ ከተማ ደጋፊ በጀርባው ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ደግሞ ካናቴራው ሁሉ ጽሑፍ ይለብሳል። ይህን ሥራ ቀድሞ ሠዓሊው በብሩሽ ይሠራው ነበር፤ ዛሬ ከብሩሹ ጎን ምላጭ ተሰልፏል፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የስቲከር መቁረጫ ምላጭ።

ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይህን ሙያ ሊጀምሩ የሚያስቡ ወጣቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «የትኛውን ማሽን እንግዛ?» መልሱም ብዙውን ጊዜ በማሽኑ ስምና በፍጥነቱ ይሰጣል። እንደኔ እንደኔ ግን ከሁለቱም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ማሽኑ ለመሥራት የማንን ፈቃድ ይጠብቃል?

ስለ ፍጥነቱ ብዙ መጨነቅ አያሻም። ማሽኑ ፊደሉን ቆርጦ ሲጨርስ ሥራው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም። በፊደላቱ ዙሪያና በሆዳቸው ውስጥ የቀረውን ትርፍ ልጣጭ በመርፌ ወይም በወረንጦ መልቀም፣ ጽሑፉን በማስተላለፊያ ፕላስቲክ ማንሣት፣ አረፋ ሳይቋጥር መለጠፍ የእጅ ሥራ ነው። የ«መ»ን፣ የ«ወ»ን፣ የ«ዐ»ን ሆድ አንድ በአንድ ሲለቅም የዋለ ሰው፣ በማሽኑ የተረፈችው ደቂቃ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ያውቃል።

የፈቃዱ ነገር ግን የህልውና ጉዳይ ነው። ብዙዎች የሚመኙት፣ በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የሚመጣው ክሪከት የተባለው ማሽን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውብና ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚታዘዘው በኩባንያው ፕሮግራም፣ በኩባንያው ዘንድ በተከፈተ መለያ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኩባንያው ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍሉ ደንበኞች በወር ከ20 በላይ የራሳቸውን ሥዕል ማስገባት እንደማይችሉ አስታወቀ። ገዢዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ። ተቃውሞው ፍሬ ቢያፈራም አንድ እውነት ገሃድ ወጥቷል፤ ዋጋው ተከፍሎበት በቤት የተቀመጠ ዕቃ በሩቅ አገር በተጻፈ ደንብ አቅሙ ሊቀነስ ይችላል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ኢንተርኔትን ተማምኖ የሚሠራ መሣሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከጌጥ ምን ይለያል?

ስለዚህ ሚዛኔ ይህ ነው። ማሽኑ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኝ፤ ያለ ኢንተርኔት ይቁረጥ፤ ከአንድ በላይ ፕሮግራም ይታዘዝ። ኤችፒጂኤል የሚባለውና ሂውሌት ፓካርድ ለሥዕል መሣሪያዎቹ ያወጣው የቆየ የትእዛዝ ቋንቋ እስከ ዛሬ ብዙ ፕሎተሮች የሚግባቡበት ነው፤ ኢንክስኬፕን የመሰለ ነፃ ፕሮግራምም ይናገረዋል። ምላጩና የምላጩ መያዣ ከሌላ ማሽን ጋር የሚመሳሰል ቢሆን፣ አንዱ ሻጭ ሱቁን ሲዘጋ ሥራው አብሮ አይዘጋም።

የወርዱ ጉዳይ በሚያዘው ደንበኛ ይወሰናል። ለብርጭቆ፣ ለስጦታ ካርድና ለካናቴራ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ እዚህ ላይ ትንሹን የቤት ማሽን የሚነቅፍ ሰው ፍርድ ያጓድላል። ለሱቅ መስታወትና ለመኪና ጎን ግን 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሰርቮ ሞተር ያለው ጸጥ ብሎ ጠመዝማዛውን አጥርቶ ይቆርጣል፤ ስቴፐር ሞተር ያለው ይጮኻል፣ ዋጋው ግን ይቀላል።

የከተማችን ጽሑፍም የራሱ ጠባይ አለው። ሲዳሙ አፎ በላቲን፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ማሽኑ ለፊደል አያዳላም፤ የሚከተለው መስመርን ብቻ ነው። ነገር ግን በቀድሞ አንዳንድ የኮምፒውተር ፊደላት ላይ ቅጥያው ከእናት ፊደሉ ጋር ተደራርቦ ስለሚቀመጥ፣ ምላጩ መጋጠሚያውን ቆርጦ ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል። መስመሮቹን አስቀድሞ አንድ ማድረግ የሠራተኛው ዕውቀት ነው፤ ይህን የሚሸጥ ማሽን የለም።

መብራትንም አንርሳ። ፕሎተር ብዙ ኃይል አይፈጅም፤ በአነስተኛ ባትሪ ይውላል። ያለ ባትሪ ግን መብራት በቆረጣ መካከል ሲጠፋ ማሽኑ የቆመበትን ስለሚረሳ ስቲከሩ ይበላሻል። ጽሑፉን ካናቴራ ላይ የሚያትመው የሙቀት መጫኛ ከአሜሪካ ለ120 ቮልት ተሠርቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስህተቱ ውድ ስለሆነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ማሽን የአንድ ወጣት የዓመታት ቁጠባ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ቁልፉ በሰው እጅ ያለ ማሽንም እንዲሁ ነው። ልትገዙ ስትሄዱ አንድ የአማርኛና አንድ የሲዳሙ አፎ ጽሑፍ በፍላሽ ያዙ። ሻጩን ኢንተርኔቱን አጥፍቶ በፊታችሁ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁት። ከቆረጠ ዋጋ ተነጋገሩ፤ ካልቆረጠ አመስግናችሁ ውጡ።