የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ «የኛ ሰው» ቢሰጠንም



ዛሬ ሌላው ላይ ጣት አልቀስርም። ከራሴ ነው የምጀምረው።

አምና በከተማችን ያለን ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች ተሰባስበን ባቋቋምናት የኪነ ጥበብ ክበብ አንድ ቲያትር አዘጋጀን። ታሪኩ መሬቱ ለኢንቨስትመንት ስለተወሰደበት አንድ የገበሬ ቤተሰብ ነው። የአዳራሽ ኪራይ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አልባሳት፣ ትራንስፖርት ሲደመር 120 ሺህ ብር መጣ። እኛ ኪስ ውስጥ ያለው ደግሞ ለታክሲም አይበቃም።

አንድ ባለሀብት «ሙሉውን እኔ እችላለሁ» አለን። የአካባቢያችን ልጅ ነው። ለእድር፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ እጁ አይሰስትም። የጠየቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ስሙ መድረኩ ላይ በትልቁ እንዲሰቀል። ሁለተኛ፣ እናትየዋ የካሳውን ብር እየቆጠረች የምታለቅስበት ትዕይንት እንዲወጣ። «ይቺ ብቻ ትቅር፣ ሌላው ይሂድ፤ ምን ችግር አለው?» አለን። ችግሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሱ መጋዘን የቆመው እንደዚያች እናት ያሉ ሰዎች ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ነው።

እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ድምፅ ሲሰጥ «እንቀበል» የሚለው 9 ለ 4 አሸነፈ። ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤውንም የያዝኩት እኔ ነኝ፤ «ለክበቡ ህልውና ሲባል» ብዬ ጻፍኩ። ያልጻፍኩት ነገር ቢኖር ከዚያ ብር ላይ 4 ሺህ ብር አበል እንደሚደርሰኝ ነው። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ያ ብር ለኔ ብዙ ነበር።

ቲያትሩ ታየ፣ አዳራሹ ሞላ፣ ተጨበጨበ። ሲያልቅ በሩ ላይ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ቆንጆ ነው። ግን ካሳውን የተቀበሉ ዕለት ምን ሆኑ? እሱን ዘለላችሁት እኮ» አሉኝ። ስለወጣው ትዕይንት ማንም አልነገራቸውም። እሳቸው ኖረውታል። እኔ መልስ አጣሁ።

ወገን፣ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ለጥበብ ብለን ገንዘብ ስንለምን ከማን እንደምንቀበልና ከማን እንደማንቀበል ማን ይወስናል? በምን መመዘኛ?

ይህ ጥያቄ የድሃ ክበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። (ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን ያለው ቴት የሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ተቋም ከ1990 ጀምሮ ከነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ድጋፍ ይቀበል ነበር። የዘይት ብር ይቅርብን የሚሉ አርቲስቶችና ወጣቶች «ስንት ነው የሚሰጧችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ተቋሙ አልናገርም አለ። ክርክሩ ዳኞች ፊት ቀርቦ በ2015 ቁጥሩ ይፋ ወጣ። ከ1990 እስከ 2006 በ17 ዓመት ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ በዓመት በአማካይ 224 ሺህ። ያን ለሚያህል ተቋም ይህ ምንም ማለት አይደለም። ኩባንያው ግን በዚያ ዋጋ መልካም ስም ሲገዛ ኖረ። ስምምነቱ በ2017 አበቃ።

ሌላም አለ። የሳክለር ቤተሰብ ኩባንያ ፐርዱ ፋርማ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ገበያ ላይ አወጣ። መድኃኒቱ ብዙ አሜሪካዊ ሱሰኛ አደረገ። ስለ ሱስ አስያዥነቱ ሰው አሳስቷል ተብሎ ተከሶ ኩባንያው በ2007 ጥፋቱን አመነ። የቤተሰቡ ስም ግን በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ በክብር ተጽፎ ቆየ። ናን ጎልዲን የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ፣ ራሷም በዚያ መድኃኒት ሱስ ተይዛ የነበረች፣ ተነሳች። የለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ የዚህን ቤተሰብ ብር ከተቀበለ ሥራዬን አላሳይም አለች። በ2019 መጋቢት ላይ የ1 ሚሊዮን ፓውንዱ ስጦታ ቀረ። በዚያው ዓመት የፓሪሱ ሉቭር ስሙን ከግድግዳው አነሳ፤ በ2021 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ተከተለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ብሪቲሽ ሙዚየም በመቅደላ በ1868 የተዘረፉ 11 ታቦታት ይዞ ተቀምጧል። «የኛን መልሱ» ብለን ስንጮህ የምንለው ምንድን ነው? የተቋም ክብር የሚለካው በያዘው ነገር ብዛት ሳይሆን ከየት እንዳመጣው ነው እያልን ነው። ልክ ነን። ታዲያ ይሄው ሚዛን ለራሳችን መድረክ ለምን አይሠራም? የመቅደላን ዘረፋ የማንረሳ ልጆች የጎረቤታችንን እናት እንባ በ120 ሺህ ብር አወጣነው።

እዚህ ላይ የኛን ደካማ ጎን በግልጽ ልናገር። ገንዘቡ ከባዕድ ቢመጣ ኖሮ ያን ሌሊት 13 ለ 0 «አንቀበልም» እንል ነበር። «ሊገዙን ነው» ብለን ፖስት እናደርግ ነበር። ሰውየው የኛ ስለሆነ ግን ዝም አልን። ወገኖቼ፣ «የኛ ልጅ ነው» የሚል ቃል ሒሳብ አይመረምርም። የተፈናቀሉትስ የኛ አይደሉም እንዴ? ሕዝቤን እወዳለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ከተጎዳው ወገኑ ጋር ነው።

«እሺ፣ ሁሉንም ከመለሳችሁ በምን ትሠራላችሁ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እምቢ ማለት ዋጋ አለው። በ2024 ዌልስና ስኮትላንድ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የመጻሕፍት ፌስቲቫሎች በተቃውሞ ምክንያት ከቤሊ ጊፎርድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ጋር ተለያዩ። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ይደግፋቸው ከነበሩት ከሌሎቹ ፌስቲቫሎችም ጋር ተቆራረጠ። ንጹሕ ሰው ብቻ እንፈልጋለን ካልን መድረክ አይኖረንም። ስለዚህ በስሜት አንወስን፤ ሕግ ይኑረን። የኔ ሐሳብ ይኸው፦

አንደኛ፣ ብር ከመለመናችን በፊት የማንቀበለውን እንጻፍ። ብሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ራሱ ይከራከርልናል።

ሁለተኛ፣ የሰጠ ይመሰገናል፤ ድርሰት ግን አይነካም። ይህ በጽሑፍ ይፈረም።

ሦስተኛ፣ ማን ስንት እንደሰጠና በምን እንደዋለ በይፋ ይለጠፍ። ገንዘብ በግለሰብ አካውንት አይሰብሰብ፤ በክበቡ ስም በተከፈተና ያለ ሁለት ሰው ፊርማ በማይንቀሳቀስ ሒሳብ ይሁን።

አራተኛ፣ ከውሳኔው ጥቅም ያለው ሰው አስቀድሞ ይናገርና ድምፅ አይስጥ። ይሄ እኔን ነው የሚመለከተው።

አምስተኛ፣ የገባውን ስናከፋፍልም እንደዚያው። ማን ተዋናይ እንደሚሆን፣ የማን ድርሰት እንደሚሠራ በዝምድና አይወሰን። ለባነር ከመክፈላችን በፊት ለተዋናዩ እንክፈል።

ገንዘቡስ ከየት? ከብዙ ሰው፣ ትንሽ ትንሽ። በ8100 አጭር መልእክት ለአባይ ግድብ ሳንቲም ያዋጣ ሕዝብ ለአንድ ቲያትር 50 ብር አይሰስትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ትንሽ የሰጡ ሺህ ሰዎች ተሰብስበው «ይቺን ትዕይንት አውጡ» አይሉንም።

እኛ ባለፈው ሳምንት ተሰብስበን ቲያትሩን ሙሉውን፣ ከነዚያች ትዕይንት፣ ድጋሚ ልናሳየው ወስነናል። ያለ ባነር፣ በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በተዋስነው ድምፅ ማጉያ። አበል የለም። እኔ የወሰድኩትን 4 ሺህ ብር አሁን መመለስ አልችልም፤ በየወሩ ካገኘሁት እየቆረጥኩ ለክበቡ ላስገባ በቃለ ጉባኤ አስፍሬያለሁ። እኚያን እናት ፈልገን የፊት ወንበር እንሰጣቸዋለን።

ይሄን ጽሑፍ ሼር አድርጉት። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ክበብ ሒሳብ ያዥ «ባለፈው ማን ነው የከፈለልን? ምን ብሎን?» ብላችሁ ጠይቁ።